ስለ ጠበበ ሆድና ስለ ሰፊ ማዕድ

በአማርኛችን ሆድ የሚለው ቃል ሁለት ቤት አለው። አንደኛው እህልና ውኃ የሚያድርበት፥ ሐኪም በእጁ ዳስሶ የሚያገኘው፥ በግእዝ ከርሥ የሚባለው ነው። ሁለተኛውን ግን ሐኪም አያገኘውም፤ ሆድ ባሰኝ፥ ሆዴ ራራ፥ ሆድ ለሆድ ተነጋገርን ስንል የምንጠራው፥ ኀዘንና ፍቅር ምሥጢርም የሚቀመጡበት ቤት ነው። ታጋሹን ሰው ሆደ ሰፊ፥ ቶሎ የሚያዝነውን ሆደ ባሻ እንለዋለን፤ እህልን ያለ ልክ የሚወደውን ደግሞ ሆዳም ብለን እናዋርደዋለን። በሰምና ወርቅ ትምህርት ያደገ ሰው እነዚህን ሁለት ቤቶች ለይቶ ማየት ልማዱ ነው፤ ዛሬ የምንመረምረውም ነገር ሁለቱን ሳይለዩ ሊፈርዱበት የማይቻል ነው። ይኸውም፥ ከውፍረቱ ብዛት የተነሣ ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያስጠበበ ሰው ከዚያ በኋላ በሰው መካከል እንዴት ይኖራል? ሰውስ ከእርሱ ጋራ እንዴት ይኖራል? የሚል ጥያቄ ነው።

ይህ ነገር ለፈረንጅ አገር እንጂ ለእኛ ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሕክምናው በአዲስ አበባም ይሰጣል፤ ወደ ህንድና ወደ ቱርክ ሄደው የሚታከሙ፥ በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩት ወገኖቻችንም መካከል ታክመው ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ አሉ። አዲስ አበባ ከሚዛን ተፈሪ ከ500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ብትሆንም፥ ቡናውን ሸጦ ገንዘብ የያዘ ነጋዴ መንገዱን አያጣውም። ቀድሞ በእግሩና በበቅሎው ጫካ ለጫካ ሲዞር ይውል የነበረው ሰው ዛሬ በመኪና ተቀምጦ ይውላል፤ ማዕዱ ግን እንደ ቀድሞው ነው።

የሕክምናው አሠራር ብዙ ዐይነት ሲሆን ሁለቱ ይበልጥ የተለመዱ ናቸው። በአንደኛው ሐኪሙ ከጨጓራው ከአራት ሦስቱን እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠውን ቈርጦ ያወጣና የቀረውን እንደ ጠባብ እጅጌ አድርጎ ይሰፋዋል። በሁለተኛው ጨጓራውን ሳያወጣ ከአናቱ ዕንቍላል እንኳ የማያህል ትንሽ ክፍል ይለይና ከቀጭኑ አንጀት ዝቅ ካለ ስፍራ ጋራ ያገናኘዋል፤ ምግቡም ትልቁን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። የዚህን የሁለተኛውን መንገድ ፈር የቀደደው በአሜሪካ በአዮዋ ያስተምር የነበረው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓ አቆጣጠር 1966 ነበር። በስዊድን አገር ከ4,000 የሚበልጡ ወፍራም ሰዎችን፥ እኩሌታዎቹ ታክመው እኩሌታዎቹ በቀዶ ሳይታከሙ፥ ለብዙ ዓመት የተከታተሉ ሊቃውንት በ2007 ባወጡት ጽሑፍ ከታከሙት ወገን የሞቱት ካልታከሙት ያነሱ መሆናቸውን ገልጠዋል። ስለዚህ ነገሩን የቅንጦት ሥራ ነው ብሎ ማቃለል አይገባም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ክርክር ይህ ነው። መጠነኛነት በፈቃድ የሚገኝ ምግባር ከሆነ፥ በቢላዋ መጠነኛ የሆነ ሰው ምን ምስጋና አለው? እጁን ታስሮ ያልሰረቀ ሰው ታማኝ ይባላልን? ይህን የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ብልሃት የሌለው አይደለም፤ ነገር ግን የሰውን ሆድ በሚገባ ያወቁት አይመስለኝም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የጃፓን ሊቃውንት ግሬሊን የተባለውን ነገር አገኙ፤ ይህም በአብዛኛው በጨጓራው የላይኛው ክፍል እየተሠራ፥ በደም ወደ አንጎል ሄዶ፥ ራበኝ ብሎ የሚናገር መልእክተኛ ነው። ሰው ምግቡን ቀንሶ ክብደቱን ባጐደለ ጊዜ ይህ መልእክተኛ ይበረታል እንጂ አይደክምም፤ ብዙ ሰው በስንት ድካም ያጐደለውን መልሶ የሚያገኘውም ከዚህ የተነሣ ጭምር ነው። ያ የጨጓራ ክፍል ተቈርጦ በወጣ ጊዜ ግን የመልእክተኛው ድምፅ ዝቅ ይላል። እንግዲህ ፈቃዱ የደከመ ነው ብለን ስንፈርድበት የኖርነው ሰው፥ ጎረቤቱ የማይሰማውን ጩኸት ሌት ከቀን ሲሰማ የኖረ ሊሆን ይችላል። የመነኮሳት መጻሕፍትም ስለ ከርሥ ሲያስተምሩ ሐሳብን መጠበቅን እንጂ በሚዛን ላይ መውጣትን አላዘዙም። ከሲታ ሆዳም ሞልቶአል፤ ከድግስ ወደ ድግስ ሲዞር ከርሞ አንድ ኪሎ የማይጨምር። በየደብሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው እንደማይታጣ አንባቢ ያውቃል።

የእጁም ማሰሪያ እንደሚታሰበው የጸና አይደለም። ጠባቡ ጨጓራ እያደር ሊሰፋ ይችላል፤ ጣፋጭና ለስላሳ ነገርም ቀኑን ሙሉ እየተቀማመሰ በጠባቡ በር ሊያልፍ ይችላል። ጠባዩን ያላረመ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቀድሞው ክብደቱ ሲያዘግም ይታያል። ስለዚህ ቢላዋው ጊዜ ሰጠው እንጂ ምግባር አልሰጠውም፤ ሥራው የሚጀምረው ስፌቱ ከዳነ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የቡና ነጋዴ በሐሳባችን እናቁም። ከሸኮ ገበሬዎች ቡና እየገዛ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የሚሸጥ፥ አምሳ ዓመት ያልሞላው፥ በአዲስ አበባ ታክሞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ይሁን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚፈቀድለት ፈሳሽ ብቻ ነው፤ እርሱም በጥቂት በጥቂቱ። ከዚያ ተፈጭቶ የላመ፥ ቀጥሎም ለስላሳ ምግብ ይቀምሳል፤ ወደ ሰው ማዕድ የሚመለሰው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። በዚያን ጊዜም እንጀራው ያስቸግረዋል። በሚገባ ሳይላመጥ የተዋጠ እንጀራ ወይም ዳቦ በጠባቡ ቤት ደጃፍ ተከምሮ ያስጨንቃል፥ ያስመልሳልም። አስቀድሞ መብላት የሚገባው ዕንቍላሉን፥ ዓሣውን፥ ሥጋውን፥ አይቡን፥ ምስሩን ነው፤ በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን እንዲያገኝ ሐኪሞች ያዝዙታልና። ይህም በአንድ ሲኒ ምግብ ለሚሞላ ጨጓራ ቀላል አይደለም። የእኛ አገር ደግሞ የእንሰትና የጎደሬ የሙዝም አገር ነው፤ ቆጮና ጎደሬ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ ፕሮቲናቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ያደገበትን ምግብ ወደ ገበታው ዳር ገፋ ማድረግ ይኖርበታል፤ ይህም ለሰው ቀላል ስንብት አይደለም።

እየበሉ መጠጣትም ተከልክሎአል፤ ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። እዚህ ላይ ግን የቡናችን ሥርዐት ሳያስበው ረዳው። ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ቡናው እስኪታጠብ፥ እስኪቈላ፥ እስኪወቀጥና ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ግማሹ ሰዓት ያልፋል። የዚህ አገር ሰዎች እንደሚያደርጉት የቡናውን ቅጠል በቅመም አፍልቶ ለሚጠጣም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡና ቢከለከል እንኳ፥ በኋላ በአንድ ሲኒ ከአቦል እስከ በረካ በዝግታ እየመጠጠ ቢቀመጥ ማንም አይታዘበውም። የብረት መድኃኒቱን ግን ከቡናው ያርቀው፤ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላልና። ብረትና ካልሲየም፥ ቢ12 የተባለውም ቫይታሚን ዕድሜውን ሁሉ የሚከተሉት ናቸው። ቢ12 ከምግብ ወደ ደም የሚገባው ከጨጓራ በሚወጣ ረዳት ስለ ሆነ፥ ጨጓራው ሲጐድል ረዳቱም ይጐድላል። ደኅና ሆኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን የተወ ሰው ከዓመታት በኋላ እግሩ ሲደነዝዝና ደሙ ሲያንስ ያስታውሰዋል።

አሁን ወደ ጾም እንምጣ፤ በዚህ ገጽ አንባቢዎች ዘንድ ክርክር የሚያስነሣው እርሱ ነውና። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ቍራሽ ለምነን፥ ኮቾሮ በውኃ አርሰን ስለ ተማርን፥ ጥቂት መብላትን ከማንም አንማረውም። ነገር ግን እኛ ጥቂት የበላነው እየራበን ነው። የዚህ ሰው ፈተና የተገለበጠ ነው። እርሱ ሳይርበው በሰዓቱ እንዲበላ፥ ሳይጠማውም ቀኑን ሙሉ ውኃ እንዲጐነጭ ታዝዞአል። መነኩሴው እየራበው ባለመብላቱ ፈቃዱን ይገዛል፤ ይህ ሰው ግን ሳይርበው በመብላቱ ይገዛታል። ሁለተኛው ከፊተኛው ያነሰ ተጋድሎ ነው ለማለት እኔ አልደፍርም።

የውኃው ነገር በተለይ ሊታወቅ ይገባዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልና ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ጤነኛ ሰው ማታ ጠጥቶ ይክሳል። ጠባብ ጨጓራ ያለው ግን የቀኑን ውኃ ማታ ልጠጣው ቢል የሚይዝበት ስፍራ የለውም፤ ጥማቱ ሳይካስ ያድራል፥ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ ሥጋና ወተት ዕንቍላልም ስለሚከለከሉ፥ ፕሮቲኑን ከምስርና ከባቄላ መልቀም ይኖርበታል፤ ቢ12 ግን በእነርሱ ውስጥ የለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንንም በረመዳን የሚገጥማቸው ጥያቄ ይኸው ነው።

ፍትሐ ነገሥት በሽተኛውን ከጾም ግዴታ አውጥቶታል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ጭንቁ ግን፥ ይህ ሰው በሽተኛ ነውን? የሚለው ነው። ስፌቱ ድኖ፥ ቀጥኖ፥ ገበያ ውሎ ሲመለስ የሚያየው ጎረቤት በሽተኛ አይለውም። እንደ እኔ አስተያየት በመጀመሪያው ዓመት ሰውነቱ ፈርሶ እንደ ገና የሚታነጽ ስለ ሆነ፥ ንስሐ አባቱ እንደ አራስ ቢያየው ይሻላል፤ አራስን ለምን አልጾምሽም የሚል ካህን የለምና። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የፈቀደውን ሰምቶ፥ ሰዓቱን ትቶ የምግቡን ዐይነት ይጹም ወይም ቀኖናውን ወደ ምጽዋትና ወደ ስግደት ይለውጥለት፥ ይህ የንስሐ አባቱ ሥልጣን ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ፥ እገሌ ሳይታመም በጾም በላ ብሎ የሚያወራው ግን ይህን ሥልጣን ማንም አልሰጠውም።

ሌላው የሚያሠጋ ነገር ማርና ጠጅ ነው፤ አገሩም የማር አገር ነው። በሁለተኛው መንገድ የታከመ ሰው ጣፋጭ ነገር በብዛት በወሰደ ጊዜ ምግቡ ፈጥኖ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ልቡ ይመታል፥ ያልበዋል፥ ያዞረዋልም። መጠጡም ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ቀድሞ ሦስት ብርሌ ጠጥቶ ይጫወት የነበረው አሁን በአንዱ ይናወጣል። በአሜሪካ በ2012 በወጣ አንድ ጥናት የመጠጥ ችግር ከሕክምናው በኋላ በሁለተኛው ዓመት ከፍ ብሎ ተገኝቶአል። ለምን በሁለተኛው ዓመት? በመጀመሪያው ዓመት ሰው ሁሉ ያደንቀዋል፤ ልብሱ ይሰፋበታል፥ ሚዛኑ በየወሩ ይወርዳል፥ ጠጕሩ ለጥቂት ወራት ቢሳሳ እንኳ ደስታው ያስረሳዋል። በሁለተኛው ዓመት አድናቆቱ ይቆማል፥ የተንጠለጠለው ቆዳ ይቀራል፥ የቀድሞውም ኀዘን በስፍራው ይገኛል። ሲከፋው ወደ እንጀራ ይሮጥ የነበረ ሰው አሁንም ይከፋዋል፤ የሚሮጥበት ግን ተዘግቶአል። ሁለተኛው ቤት ባዶ ሆኖ ሳለ አንደኛው ቤት ብቻ ስለ ተጠገነ፥ ጠጅ ቤቱ ቅርብ ይሆናል። እዚህ ላይ ወዳጅ ከሐኪም ይልቅ ይጠቅማል።

ነገር ግን የእኛ ወዳጅነት ቋንቋው ምግብ ነው። በእኛ ዘንድ ወፈርህ ማለት ምርቃት፥ ከሳህ ማለት መርዶ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት የከሳውን ሰው ሁሉ በኤድስ የጠረጠርንበት ዘመን ገና አልተረሳም። ከዚያም በፊት፥ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ፥ ከወሎና ከትግራይ ተነሥተው በመንግሥት ሰፈራ ወደ ደቡብ ምዕራቡ አገር ከመጡት ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው በዚሁ ቀርተዋል። እንዲህ ያለች እናት እንግዳዋ ሦስት ጊዜ ቈርሶ እጁን ሲሰበስብ አይታ፥ በሞቴ! አፈር ስሆን! ብትል፥ ከንቱ ልማድ ይዞአት አይደለም፤ ያየችውን አይታ ነው። ለእርስዋ የሚበላ ሰው ማለት የማይሞት ሰው ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ፥ ያገራችን ሰው ማስጨነቅ ይወዳል እያለ የሚያማርር ዘመናይ ታካሚ ግማሹን ነገር ብቻ አይቶአል።

ታዲያ ነጋዴው ምን ይመልስላት? በየቤቱ፥ በልቼ ነው የመጣሁት እያለ ሲዋሽ ዓመቱን ሊጨርስ ነውን? ሕመሙን ለአገር ሁሉ የመንገር ዕዳ የለበትም፤ ሐኪም ከልክሎኛል ቢል ግን እውነትም ነው፥ ይበቃልም። እርስዋም ቃሉን በመጀመሪያው ጊዜ ትመነው፤ የተረፈውንም በቅጠል ጠቅልላ ለልጆቹ ትላክለት፥ እንግድነቱ በዚህ አይጎድልም። የጉርሻውስ ነገር? አንድ ጉርሻ ያጣላል የሚለው ተረት በሁሉ አፍ አለ፤ ይህ ሰው ደግሞ ከአንድ በላይ አይችልም። ብልህ ሴት ያንኑ አንዱን ጉርሻ ከሦስት ከፍላ፥ እያንዳንዱን እንደ ቡና ፍሬ አሳንሳ፥ በመካከሉም እያጫወተች ብታጐርሰው፥ ተረቱም አልፈረሰ፥ ሆዱም አልተጨነቀ።