ገበናን መሸፈንና ቍስልን መሸፈን

ገበናን መሸፈን በአገራችን ከታላላቅ ምግባራት እንደ አንዱ ሲመሰገን ኖሯል። ሴምና ያፌት የአባታቸውን የኖኅን ዕርቃን ላለማየት ወደ ኋላ እየተራመዱ ልብስ ስላለበሱት መመረቃቸው ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን ባል ሚስቱን ሲደበድብ ጎረቤት እየሰማ፥ «የቤት ገበና ነው» ተብሎ ዝም ሲባል፥ ይህ ዝምታ ከሴምና ከያፌት ምግባር ይቈጠራልን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው።

መልሱን በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል በ13ኛው ምዕራፍ ከተጻፈው ከትዕማር ታሪክ እናገኛለን። የንጉሥ ዳዊት ልጅ ትዕማር በአባቷ ልጅ በአምኖን ግፍ በተፈጸመባት ጊዜ፥ ልብሷን ቀድዳ በራሷም ላይ አመድ አድርጋ እየጮኸች ሄደች። ወንድሟ አቤሴሎም ግን ዝም እንድትል መከራት። አባቷ ዳዊትም ነገሩን ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ ቍጣው ግን እስከ ፍርድ አልደረሰም። ዝምታው የንጉሡን ቤት ከኀፍረት የጠበቀ ይመስል ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖን በአቤሴሎም ትእዛዝ ተገደለ፤ ቈይቶም ልጅ በአባቱ ላይ ተነሣ። ትዕማርም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች።

እንግዲህ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሴምና ያፌት የሸፈኑት የአባታቸውን ድካም ነው፤ በመሸፈናቸውም የተጐዳ ሰው የለም። በዳዊት ቤት የተሸፈነው ግን የተበደለች ሴት ቍስል ነው። ቍስሏ የተሸፈነባት ሴት ሁለተኛ ትበደላለች፤ የተሸፈነውም ቍስል ይመግላል እንጂ አይድንም።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። ጠለፋ በተፈጸመ ጊዜ ሽማግሎች እየተላኩ፥ የልጅቱን ወላጆች እያግባቡ፥ ግፉን በጋብቻ ስም ሲደመድሙት ኖረዋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንኳ፥ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ነገር ግን በጠላፊዋ እጅ ያለች ልጅ ሽማግሌ ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ የምትሰጠው ቃል እንደ ምን ፈቃድ ይባላል? የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው፥ በአንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ሥራ እንደሚያስቀጣ ደነገገ። ሕጉ ተለውጦ ሳለ ልማዱ በእኛ ዝምታ ሊኖር አይገባውም።

«ታዲያ ትዳር ይፍረስ ትላላችሁን?» የሚለን ይኖር ይሆናል። ትዳርን የሚያፈርሰው የሚማታው እጅ ነው እንጂ የሚስቲቱ አቤቱታ አይደለም። ዕርቅንም አንነቅፍም፤ ነገር ግን በደልን ማመን፥ መጸጸትና ከክፋት መመለስ ዕርቅን ይቀድማሉ። «ቻይው» ብሎ ሴትን ወደ ደብዳቢዋ መመለስ እርሷን ለዱላ፥ እርሱን ደግሞ ንስሓ ለሌለው ሞት መስጠት ነው።

ስለዚህ የንስሓ አባትም ሆነ የሠፈር ሽማግሌ አስቀድሞ የተጐዳችውን ለብቻዋ ይስማት፤ መጠጊያ ይፈልግላት፤ ወደ ሐኪምና ወደ ሕግ የሚወስደውን መንገድ ያሳያት። ዕድሩና ማኅበሩም ለለቅሶ እንደሚደርስ ሁሉ ለጩኸቷ ይድረስላት።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1992 ዓ.ም. በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንዲወገድ የሚታሰብበት አድርጎ የወሰነው ቀንም አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ኅዳር 16 ይውላል፤ ከዚያም እስከ ታኅሣሥ 1 ድረስ ለ16 ቀናት በዓለም ሁሉ ስለዚሁ ነገር ትምህርትና ቅስቀሳ ይደረጋል። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ እየጾሙ በጡጫ የሚማቱትን ሰዎች መገሠጹን እናስታውስ። ከእህልና ከውሃ የተከለከለ ሰው እጁን ከሚስቱ ላይ ካላነሣ፥ ጾሙ ምን ጾም ነው? የጩኸቷን ድምፅ ሰምቶ ዝም ያለውስ ጎረቤት?

የተገፉትን የሚሰማ አምላክ ጆሯችንን ይክፈትልን፤ አሜን።