የተመኙትን ማየት

የእውነት ጠላት ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ሐሰተኛው ነው ብለን ለመመለስ አንዘገይም። እኔን ግን ከሐሰተኛው ይልቅ የሚያሠጋኝ እውነትን አጥብቆ የሚመኘው ሰው ነው። ሐሰተኛው ቢያንስ የሚሸሽገውን ያውቃል፤ ተመኚው ግን ምኞቱን ከግኝቱ የሚለይበት ሚዛን ብዙ ጊዜ በእጁ የለም። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ከኪነ ጥበብ ሠፈራችን ርቆ የሚገኝ አንድ የፊዚክስ ታሪክ ነው።

በጄኔቭ ከተማ አጠገብ፣ በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ላይ፣ ከምድር በታች ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ዋሻ አለ። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት በዚህ ዋሻ ውስጥ ፕሮቶኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት አስጠግቶ ፊት ለፊት ያጋጫቸዋል። የፕሮቶኖቹ መንጋዎች በአንድ ሰከንድ እስከ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይገናኛሉ፤ ከዚህም ተመዝግቦ የሚቀመጠው እጅግ ጥቂቱ ሲሆን ሌላው ወዲያው ይጣላል። (የሚጣለውን አስቀድሞ የሚወስነው ሰው መሆኑ ራሱን የቻለ ድርሰት ይወጣዋል።) እ.ኤ.አ. በ2012 አትላስና ሲ.ኤም.ኤስ. የተባሉት ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ሂግስ ቦዞን የተሰኘውን ቅንጣት በዚያው አገኙ። ለነባሩ ንድፈ ሐሳብ የጎደለው ተሟላለት። ይሁንና ይኸው ንድፈ ሐሳብ ስበትን አያካትትም፤ ጋላክሲዎችን አስሮ የያዘው የማይታይ ቁስ ምን እንደሆነም አያስረዳም። ስለዚህ የአዲስ ነገር ረኃቡ በረታ።

በዲሴምበር 2015 ሁለቱ ቡድኖች ከግጭቱ የሚወጡትን ጥንድ የብርሃን ቅንጣቶች ሲቆጥሩ፣ በ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ግድም ከተጠበቀው የበዛ ቁጥር ገጠማቸው። ቁልቁል በሚወርደው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ጉብታ ታየች። አገኘን ግን አላሉም፤ በሙያቸው ልማድ ግኝት ለመባል፣ እንዲህ ያለው ውጤት በአጋጣሚ ብቻ የመከሠት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ያህል መሆን አለበት። ቢሆንም በጥቂት ወራት ውስጥ ጉብታዋን የሚተረጉሙ 500 ያህል ጽሑፎች ተጻፉ። ላልተወለደ ልጅ አምስት መቶ አባት ቀረበለት ማለት ነው።

አጋጣሚ እንዴት እንዲህ ያታልላል? መምህር የሆነ አንባቢ በክፍሉ ይሞክረው። 40 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ሳንቲም አምስት ጊዜ ቢወረውሩ፣ ከመካከላቸው ለአንዱ አምስቱንም ጊዜ አንበሳው ሊወጣለት የሚችልበት ዕድል ከማይወጣበት ይበልጣል። ያን ልጅ ብቻ ነጥሎ የሚያይ ሰው ተአምር አየሁ ይላል። በብዙ ስፍራ የሚፈልግ ሰው ከአንዱ ስፍራ እንግዳ ነገር አያጣም።

ተመራማሪዎቹ ለዚህ ያበጁት መድኃኒት ነው ያስደነቀኝ። በብዙዎቹ ፍለጋዎች፣ የሚሹት ነገር ሊታይ የሚችልበትን የመረጃ ክፍል ለራሳቸው ይሸፍኑታል። የመምረጫውን ደንብ ሁሉ ካጸደቁ በኋላ ብቻ ይገልጡታል። እውነትን ለማየት የገዛ ዓይንን ማሰር!

እኔ በሙያዬ የኖርሁት በተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ ተውኔቴ ሲታይ በጨለማው ውስጥ ተቀምጬ፣ ተመልካቹ በሦስተኛው ገቢር ጸጥ ማለቱን የልብ መነካት አድርጌ ቆጠርሁት። በማግሥቱ ቲኬት ቆራጩን ስለዚያ ጸጥታ ባወራው፣ «ጋሼ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እኮ ነው የተቀመጡት» አለኝ።

ምኞት ይወገድ የሚል ካለ አልስማማም። ያለ ምኞት 27 ኪሎ ሜትር ዋሻ የሚቆፍር የለም። በአምስት መቶዎቹ ጽሑፎች የሚሣለቁትንም አልደግፍም፤ ባለቤቶቹ የሠሩት ማሰብ ነው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው፤ መሸፈኛው የሚሠራው አስቀድሞ ለታሰበው ነገር ብቻ ነው። ማንም ያላሰበው ነገር በየትኛው ደንብ ተመርጦ፣ በየትኛው ተጥሎ ይሆን?

በኦገስት 2016 በብዙ እጥፍ የበለጠ መረጃ ተሰብስቦ ቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ሲቀርብ፣ ጉብታዋ በነበረችበት ስፍራ መስመሩ ልሙጥ ሆኖ ታየ። ልሙጡን መስመር ያቀረቡት ጉብታዋን ያሳዩት እነዚያው ሁለት ቡድኖች ነበሩ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ትርዒት በፊት ከራሴ ምኑን እንደምሸፍን እስካሁን አላወቅሁም።