ሎግ አይዋሽም

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ቢሮ ስገባ ግማሹ የደንበኞች ዳታ ጠፍቶ ጠበቀኝ። ባክአፕ ስለነበረን ከሰዓት ላይ መለስነው። የቀረው «ማን አጠፋው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ሎጉን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ የማጥፊያው ትእዛዝ የተላከው በአንድ አዲስ ገቢ ልጅ አካውንት ነው። ልጁ ሲጠየቅ «ተኝቼ ነበር» አለ። ሌላ የሚጨምረው አልነበረውም። ከድሮም ቁጥብ ነው፤ ሲጨንቀው ደግሞ ቃላት ይጠፉበታል። እኔ ግን ቃላት አልጠፉብኝም። አለቃችን ፊት «ሎግ አይዋሽም» አልኩ።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁን ሥራ ሳለማምደው፣ በየሌሊቱ የሙከራ ዳታ እንዲያጸዳ ብዬ አንድ ስክሪፕት በእሱ ቁልፍ ሰርቨሩ ላይ የጫንኩት እኔው ነበርኩ። ረስቼዋለሁ። በኋላ ሌላ ሰው የሠንጠረዥ ስሞችን ሲቀያይር ስክሪፕቱ የማይነካውን ነካ። ሎጉ በርግጥም አልዋሸም፤ ቁልፉ የልጁ ነው። ከቁልፉ ተነስቼ ልጁ ላይ የዘለልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሲታወቅ እሱ ሥራውን ለቆ ሄዷል።

የሚያሳፍረው፣ ይሄንኑ ስህተት የሚያሳይ ልብወለድ አንብቤ ነበር፤ ያውም ወድጄው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኦስቲን ፍሪማን በ1907 ያሳተመው «ቀዩ የአውራ ጣት አሻራ» ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአንድ ካዝና አልማዝ ይሰረቃል። ካዝናው ውስጥ በደም የታተመ የአውራ ጣት አሻራ ያለበት ወረቀት ይገኛል። አሻራው የባለቤቱ የወንድም ልጅ የሩበን ነው፤ የስኮትላንድ ያርድ ባለሙያዎች አረጋግጠዋል። ያኔ አሻራ አዲስና አስፈሪ ነገር ነበር። ለንደን የአሻራ ክፍል የከፈተችው በ1901 ነው፤ በ1905 ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች በአሻራ ማስረጃ በነፍስ ግድያ ተፈርዶባቸው ተሰቅለዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ «አሻራው የኔ ነው፣ ሌባው ግን እኔ አይደለሁም» የሚልን ሰው ማን ይሰማዋል?

ሐኪምም የሕግ ሰውም የሆነው ዶክተር ቶርንዳይክ ሰማው። እሱ የጠየቀው ሁሉም ከጠየቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው፤ ይሄ ምልክት እዚህ ወረቀት ላይ እንዴት መጣ? በማጉያ ሲያየው አሻራው መሀል የኤስ ፊደል ቅርጽ ያላት ነጭ መስመር አለች። ያቺው መስመር ሩበን ቀደም ብሎ ለጨዋታ የአሻራ ማስታወሻ ደብተር ላይ ባተመው አሻራ ላይም አለች። ጣት ላይ ያለ ጠባሳ ቢሆን ሁሉም አሻራዎቹ ላይ በታየ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ላይ ብቻ ከታየ፣ አንዱ ከሌላው ተገልብጧል ማለት ነው። አሻራው የሩበን ነው፤ ያተመው ግን ሌላ እጅ ነው።

እኔ ይሄን ዓይነት መጽሐፍ የምወደው እርግጠኝነት ስለሚሰጠኝ ይመስለኝ ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። እኛ አገር «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባላል። የድሮው በላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዕ የሚደምቅበት አደባባይ ነበር። እንደኔ ያለ በልጅነቱ ጥፋተኛ ሳይሆን አፉ ተሳስሮ የተቀጣ ሰው፣ የብስኩት ፍርፋሪና የመነጽር ስባሪ ስለ ሰው ሲመሰክሩ ሲያይ ልቡ ይሞቃል። ዕቃ ፊት አይቶ አያዳላም፤ ሀብታምና ድሃም አይለይም። የመርማሪው ማጉያ መነጽር መናገር ለማይችል ሰው የቆመ ጠበቃ ይመስላል።

ፍሪማን በ1912 ባሳተመው የአጫጭር ልብወለድ መድብል ደግሞ ሌላ ነገር ሞከረ። በኦስካር ብሮድስኪ ታሪክ ገዳዩን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን፤ አልማዝ ነጋዴውን ሲገድለውም፣ ሬሳውን ሐዲድ ላይ ሲያጋድመውም እያየን ነው። ቀሪው ታሪክ ቶርንዳይክ እዚያ እንዴት እንደሚደርስ ብቻ ነው። ታዲያ መልሱን እያወቅን ለምን እናነባለን? መልሱ ልክ መሆኑ ብቻ ስለማይበቃን ይመስለኛል። ሌባሻይን አስቡት፤ መጠጥ የተሰጠው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልጁ አንድ ቀን እውነተኛው ሌባ ቤት ቢገባ እንኳ ፍትሕ ተሠራ አንልም። የተከሰሰ ሰው፣ ጥፋተኛም ቢሆን፣ ሊፈትሸውና ሊሞግተው የሚችለው ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። እኔ ልጁ ላይ ያደረግኩት በኮምፒውተር የታገዘ ሌባሻይ ነው።

«ያ ድሮ ነው፣ አሁን ሳይንሱ አድጓል» የሚል ይኖራል። በ2004 ከማድሪዱ የባቡር ጥቃት ጋር በተያያዘ የተገኘ አሻራ ኤፍቢአይ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው ብሎ ሰውየውን ሁለት ሳምንት ያህል አሰረው። የስፔን ፖሊስ የሌላ ሰው መሆኑን ደረሰበት፤ ኤፍቢአይም ይቅርታ ጠየቀ። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ሪፖርት፣ ከዲኤንኤ ምርመራ በቀር አንድን ማስረጃ ከአንድ የተወሰነ ግለሰብ ጋር በከፍተኛ እርግጠኝነትና በወጥነት እንደሚያገናኝ በጥብቅ ጥናት የተረጋገጠ የፎረንሲክ ዘዴ የለም አለ። ማጉያውን የሚይዘው ሁሌም ሰው ነው።

ፍሪማን ራሱም ከዚህ አላመለጠም። በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ የሰው ዘር «ብቁ» እና «ብቁ ያልሆነ» ተብሎ እንዲለይ የሚሻውን የዩጀኒክስ ሐሳብ ደግፎ ጽፏል። አንድ አሻራ ላይ ያን ሁሉ ጥርጣሬ ያወጣ ሰው፣ ሚሊዮኖችን በጅምላ ሲመዝን እጁ አልተንቀጠቀጠም። መጽሐፎቹን አልጣልኩም። ግን ዘዴውን ማወቅና ዘዴውን ሰው ላይ ከመፍረድ በፊት መጠቀም የተለያዩ መሆናቸውን ከሱም ከራሴም አይቻለሁ።

ልጁን ደወልኩለት። ስለ ስክሪፕቱ፣ ስለ ሠንጠረዡ ስም፣ ስለ ሰዓቱ በዝርዝር አስረዳሁት፤ እንደ ቶርንዳይክ ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስል። እስክጨርስ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ቁልፌን ከኔ ሌላ ማን እንደያዘው ያኔ ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አለኝ።

ቶርንዳይክ ስለ አሻራ ደብተሩ መጀመሪያ የሰማው ከሩበን ቤተሰቦች ጨዋታ መሆኑ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።