በማን ነው የምንስቀው?

«ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። ለበዛብህ ያዝናል፤ ለሰብለ ወንጌል አንጀቱ ይላወሳል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሆዱን ይዞ መሳቁን ግን ይረሳዋል፤ ቢያስታውሰውም እንደ ማጣፈጫ እንጂ እንደ ዋናው ወጥ አይቆጥረውም። እኔ ደግሞ ዕድሜዬ በገፋ መጠን ሐዲስ ዓለማየሁን ከሁሉ አስቀድሜ የሳቅ ደራሲ አድርጌ ማየት ጀምሬአለሁ። ይህን አቋሜን ለማስረዳት ስከራከር ነው ያላሰብኩት ጥያቄ የገጠመኝ።

ነገሩ የሆነው በምንኖርበት በልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ እነዚህ ፎቆች ከቆሙ በኋላ፣ ዕጣና ኪራይ ከየአቅጣጫው አምጥቶ በአንድ ደረጃ ላይ ያገናኘን ሰዎች ነን። በወር አንድ ቅዳሜ በኮሚናሉ ቡና ይፈላና ንባብ የምንወድ ስድስት ሰባት ጎረቤታሞች እንሰበሰባለን። ያን ዕለት የተነሣው ጨዋታ «በአማርኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቅ ደራሲ ማን ነው?» የሚል ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሳያመነታ በዕውቀቱ ሥዩም አለ። ባንክ ቤት የምትሠራው ጎረቤታችን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ጠራች፤ ሳቁ ከጓደኛ አፍ የሚሰማ ሳቅ ነው ስትል አስረዳች። ጡረተኛው መምህር መንግሥቱ ለማን የሚያህል የለም ብለው «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን ጠቀሱ። እነዚህ ተውኔቶች እንጂ ልብ ወለድ አይደሉም ብንላቸው «ሳቅ ሳቅ ነው» ብለው ዘጉን። ተራው ሲደርሰኝ «ሐዲስ ዓለማየሁ» አልኩ። ያን ጊዜ ሁሉም በእኔ ሳቁ።

ማስረጃ አምጣ ተባልኩ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ የተረከው ዛሬ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ይገኛልና ፊታውራሪ መሸሻ የሚገኙበትን ክፍል ፈልጌ ከፈትኩላቸው። ሽማግሌው ፊታውራሪ ስለ ክብራቸው ሲሉ ለግጥሚያ ይነሣሉ። ኋላም ገበሬዎቻቸው ከልማድ በላይ የተጠየቅነውን አንከፍልም ሲሏቸው ሊቀጡ ይዘምቱና ራሳቸው ይማረካሉ። ዘር ቆጥረው የማይጠግቡት፣ ለልጃቸው እኩያ ባል ከምድር ላይ ያጡላት እኒያ ትልቅ ሰው፣ በገዛ ገባራቸው እጅ ይወድቃሉ። ወጋየሁ ደግሞ ያን ጉሮሮውን ያውቅበታል። ኮሚናሉ በሳቅ ተናወጠ። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ተከራክሬ የረታሁ መሰለኝ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። ቡናውን የሚያፈሉልን እማማ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን እየተጠጋ ነው፤ የተወለዱት አርሲ ውስጥ በጭሰኛ ቤት ነው። «እማማ፣ አላስቅዎትም እንዴ?» አልኳቸው። ስኒውን እያጠቡ እንዲህ አሉ፦ «አባቴ አንድ ጊዜ እጅ መንሻ ይዘው ከጌታው ደጅ ሲቆሙ አብሬያቸው ነበርኩ። ከጧት እስከ ማታ ቆምን። ግቡም አልተባልን፣ ሂዱም አልተባልን። ዶሮዋን ታቅፌ እግሬ አበጠ። ልጆቼ፣ እናንተ ስልኩን ስትዘጉት ፊታውራሪው ይዘጋሉ። የእኛ አይዘጉም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቡናው ዝም ተብሎ ተጠጣ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ግፈኛን የሚያስቅ አድርጎ መጻፍ ግፉን ማቅለል ነውን? የሚስቀውስ ማን ነው? የተገፋው ነው ወይስ ከሩቅ የሚያየው?

ስለ ሳቅ ያሰቡ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። አርስጣጣሊስ አስቂኝ የሚባለው ሕመምና ጥፋት የማያደርስ ጉድለት ነው ይላል። በዚህ ሚዛን እማማ ትክክል ናቸው፤ ጌታው ያሳመማቸው ሰው በጌታው ሊስቁ አይገባም። በ17ኛው መቶ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ቶማስ ሆብስ ደግሞ ሳቅ የሚመጣው ከሌላው በልጠን መገኘታችን በድንገት ሲሰማን ነው ባይ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤርግሶን በ1900 እ.ኤ.አ. ስለ ሳቅ ባሳተመው ጽሑፉ ለመሳቅ ልብ ለጊዜው መደንዘዝ እንደሚያስፈልገው ተናግሯል። ሦስቱንም አንድ ላይ ብናያቸው ለሳቂው የሚያኮራ ነገር አይገኝም። እኔና ጎረቤቶቼ ያን ቀን ያልታመምን፣ ከፍ ያልን፣ ልባችን የደነዘዘ ሰዎች ነበርን ማለት ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ ማቆም ለደራሲው ፍርደ ገምድል መሆን ይመስለኛል። አንደኛ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። የገጠር መሬት የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነውና መጽሐፉ ሲወጣ ፊታውራሪዎቹ ገና ከነማዕረጋቸውና ከነርስታቸው ነበሩ። ለእኛ የሞተ ሥርዓት ነው፤ ለሐዲስ ግን በሕይወት ያለ፣ እርሳቸውም በከፍተኛ ሹመት ያገለገሉበት ሥርዓት ነበር። በሞተ አንበሳ መሳቅና በቆመው መሳቅ አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሐዲስ የሳቁበትን ዓለም ከሩቅ አላዩትም። ጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ታግለው የተማረኩና በኢጣሊያ ምድር የታሰሩ ሰው ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻን ጭራቅ አድርገው አልሣሏቸውም። ልጃቸውን ይወዳሉ፤ ወድደውም ያጠፏታል። ጀግንነትም አላቸው፤ ግን የሚያውሉት ለከንቱ ነው። ሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ»ን በ1605 እና በ1615 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል ሲያሳትም የዘመኑ አንባቢ የወደደው በአብዛኛው ስላሳቀው ነው። በኋላ የመጡት አንባብያን ግን በዚያው ባለ ከሲታ ፈረስ ሽማግሌ ውስጥ የሚያሳዝን ሰው አገኙ። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው የቆመበት ስፍራ ነው። የታላቅ የሳቅ ደራሲ ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፤ የሚሳቅበትን ሰው ሰውነቱን አይገፈውም።

ሦስተኛ፣ በልብ ወለዱ ውስጥ ገበሬዎቹ ፊታውራሪውን ያሸነፉት በሳቅ አይደለም። አንከፍልም ብለው፣ አበጀ በለውን መሪ አድርገው፣ በጦር መሣሪያ ነው። ሳቅ የፍትሕ ምትክ አለመሆኑን ደራሲው ያውቃሉ። ሳቅ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍርሃትን ያነሣል። በአገራችን አዝማሪ ጌታውን ፊት ለፊት ሲሸነቁጥ፣ አለቃ ገብረ ሐናም በቅኔና በቀልድ ሹሙን ሲወጉ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። የእማማ አባት ደግሞ ያን ቀን ደጅ ላይ ቆመው የሚያስፈልጋቸው ሳቅ አልነበረም፤ መሬት ነበር። በሁለቱ መካከል የማጋጭ ዳኛ መሆን አልችልም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የተጻፈው ለክርክር ያህል ይበቃ ነበር። ግን ያን ቀን የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱን ሳልናገር ብዘጋው ጽሑፉ ውሸት ይሆንብኛል።

ትረካው ሲሰማ የግቢያችን ጥበቃ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከደጀን በኩል የመጣ ወጣት ነው። ፊታውራሪው ለግጥሚያ ሲነሡ እርሱም እንደኛ ሳቀ። ከዓይኔ ጋር ሲገጣጠም ግን ሳቁን ዋጠውና «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ምን አጥፍቶ ይቅርታ እንደጠየቀኝ በዚያን ሰዓት አልገባኝም። የገባኝ ሌሊት ነው።

እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ይህ ልጅ የሦስት ቀን ደመወዙ እንዲቆረጥ አስወስኛለሁ። በቃለ ጉባኤው የሰፈረው «በሥራ ሰዓት ተኝቶ በመገኘቱ» የሚል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጁ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር፤ መኪናዬን ሳስገባ ቶሎ አልተነሣም። ወርጄ «ማን መሆኔን ታውቃለህ?» አልኩት። ይህችን ዓረፍተ ነገር በገዛ አፌ ተናግሬአታለሁ። ማን ነኝና ነው? አንድ መኝታ ቤት ያላት ቤት ባለቤት፣ የውኃ ሞተር የሚያስጠግንና የጽዳት መዋጮ የሚሰበስብ ኮሚቴ መሪ ነኝ። ርስት የለኝም፤ ገባር የለኝም። የፊታውራሪነት ጠባይ ግን ርስት አይፈልግም ለካ፤ የሚከፈትለት አንድ በርና በበሩ ላይ የቆመ አንድ ሰው ይበቃዋል።

ስለዚህ ያን ቀን በኮሚናሉ ከሁላችን መጽሐፉን በትክክል ያነበበው ያ ልጅ ነው። እኔ ስስቅ የነበረው ስልሳ ዓመት ባለፈው ሰው ነው። እርሱ የሳቀው ፊቱ በተቀመጠው ነው። ለዚህም ነው የፈራው።

«በማን ነው የምንስቀው?» ለሚለው ጥያቄ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ከዚህ አይርቅም። የሌላውን ትዕቢት አይተን ስንስቅ የራሳችንን ካላገኘነው ሆብስ እንዳለው በላይነታችንን ነው ያከበርነው፤ ያ ሳቅ ለእማማም አይጠቅም፣ ለእኛም አይጠቅም። ካገኘነው ግን ሳቁ መሐል ላይ ይቋረጣል። ሐዲስ ዓለማየሁን የሳቅ ደራሲ የምላቸው ስላሳቁኝ ብቻ ሳይሆን ሳቄን ስላቋረጡብኝም ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ አንድ ወጣት ጥበቃ ረድቷቸዋል።

በቀጣዩ ስብሰባ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ጠየቅሁ፤ እውነተኛውን ምክንያት አስመዘገብኩ፤ የተቆረጠው ገንዘብም ተመለሰለት። አንድ የኮሚቴ አባል «ጥበቃ እንዲህ ከተለማመጡት ነገ አይታዘዝም» ብለው ተቃወሙ። ምናልባት እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ እል ነበር። ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ስጠይቀው «እሺ ጋሼ» ብቻ አለኝ፤ ምን ይበል።

ሳልፍ እንዳይነሣም ነግሬዋለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ይነሣል። እማማ ይህን ስነግራቸው «እግር የለመደውን በአንድ ቀን አይረሳም» አሉኝ። አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅሁም።