ማንሣትና መሸከም

ማንሣትና መሸከም በቋንቋችን ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። የተሸከመ ሁሉ አስቀድሞ አንሥቷል፤ ያነሣ ሁሉ ግን አልተሸከመም። እንግዲህ የኃያልነት ስም ለየትኛው ይገባል?

ናይም ሱሌይማኖግሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1967 በቡልጋርያ ከቱርክ ወገን ተወለደ። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም ነበር። በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ፣ 60 ኪሎ በማይበልጥ ሰውነቱ፣ 190 ኪሎ ብረት ከራሱ በላይ አቆመ፤ ይኸውም ከገዛ ክብደቱ ሦስት እጥፍ ያልፋል። በ1992 በባርሴሎና፣ በ1996 በአትላንታ ደግሞ ወርቁን ወሰደ። ነገር ግን የውድድሩ ሕግ ዳኛው ምልክት እስኪሰጥ ድረስ ብቻ መታገሥን ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ብረቱ ይጣላል።

በሊማሊሞ እንዲህ ያለ ዳኛ የለም። ጣልያን በ1930ዎቹ ጠመዝማዛውን መንገድ ሳይቈርጥ፣ ከዛሪማ ቆላ ከ2,800 ሜትር በላይ ወዳለችው ደባርቅ ጭነት የሚወጣው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነበረ፤ መኪና ከማይደርስበት መንደር ዛሬም እንዲሁ ነው። ውኃ ቀድታ ዳገቱን የምትወጣ እናት እንስራዋን ብትጥል የሚያጨበጭብላት የለም፤ የሚጠማባት ልጅ ነው ያላት።

ታዲያ ለሴቲቱ ይፈረድላት ቢባል፣ ፍርዱ መልካም ሳለ ችኩል ይሆናል። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ የቡልጋርያ መንግሥት በአገሩ ያሉትን ቱርኮች ስማቸውን በግድ አስለወጠ፤ ናይምም ናኡም ሻላማኖቭ ተባለ። በሰው ስም ብረት እያነሣ ቈየ። በ1986 በሜልበርን ከተደረገው ውድድር በኋላ ወላጆቹን በቡልጋርያ እንደ ተዉ፣ ከጓደኞቹ ተሰውሮ ወደ ቱርክ አገር ገባ። በሴኡል ለቱርክ ይወዳደር ዘንድም ለቡልጋርያ ገንዘብ ተከፈለ። (ጕልበት እንደ በሬ በገበያ ሲዋጅ ማየት የሚያሳዝን ነው።) ያን ጭነት ጣለው ብሎ ምልክት የሚሰጥ ዳኛ አልተገኘም።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው በስድስተኛው ምዕራፍ የባልንጀራን ሸክም መጋራትን አዝዞ፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ለየራስ የሚቀር ሸክም እንዳለ ይናገራል። የሚጋጭ የሚመስለው ንባቡን ለሚያጣድፍ ሰው ነው። እንስራውን ጎረቤት ዳገቱ መካከል ሊቀበል ይችላል፤ የናይምን ስም ግን ማን ይቀበልለታል?

በ2000 በሲድኒ አራተኛ ወርቅ ሽቶ 145 ኪሎውን ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ አልተነሣለትም። በ2017 በ50 ዓመቱ በኢስታንቡል ሞተ፤ ሲቀበርም ናይም ተብሎ ነው።