ከእሳት ያዳነ ሁሉ አዳነ ይባላልን?

በሐሙሲትና በደብረ ታቦር ደጋ፣ በሣር ክዳን ቤት ያደገ ሰው እሳትን ይፈራል። በበጋ ወራት አንዲት ፍንጣሪ ከምድጃ ተነሥታ ክዳኑን የነካች እንደ ሆነ መንደሩ እሪ ይላል፤ ጎረቤትም እንስራውን ተሸክሞ ይደርሳል። ያዳነ ሰው ባለውለታ ነው፤ ውለታውም እስከ ልጅ ልጅ ይነገራል። ዳሩ ግን ከእሳት ያዳነን ሰው በዚያው ሥራው ሌላ፣ የማይታይ ጉዳት አስከትሎብን እንደ ሆነ ምን እንለዋለን? ሳያውቅ ቢሆን ይቅር ይባላል፤ ዐውቆ ዝም ካለስ?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ቀድሞ እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ያረጁ ኮምፒውተሮችና የስፖንጅ ወንበሮች እንዲወገዱ የተጻፈውን ወረቀት የፈረምሁ እኔ ነበርሁ። በማግሥቱ ዕቃው ከግቢው ጀርባ ሲነድ አየሁ፤ የሰፈር ልጆችም በጢሱ መካከል የመዳብ ሽቦ ይለቅሙ ነበር። ወረቀቴ ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር፤ ሥራዬ ግን ቅን ነበርን?

እንዲህ ባለ ዕቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከብሮሚን የተሠራ፣ እሳትን የሚያዘገይ ኬሚካል ይገኛል። ከነዚህ ኬሚካሎች ብዙዎቹ ከፕላስቲኩና ከስፖንጁ ጋር ተዋሕደው አይቀሩም፤ ቀስ በቀስ እየወጡ ከቤት አቧራ ይደባለቃሉ፤ በመሬት የሚድህ ሕፃንም እጁን ወደ አፉ ባደረሰ ጊዜ ይውጣቸዋል። ዕቃው በሜዳ ሲቃጠል ደግሞ ከዳዮክሲን ወገን የሆኑ መርዞች ይወጣሉ።

ጉዳቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በደጋው አገራችን እንቅርት የወጣባቸውን እናቶች ያላየ ማን ነው? የዚህ ዋናው ምክንያት የአዮዲን ማነስ ነው። በአንገት ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነውና፤ የፅንስ አእምሮም እንዲገባ ያድግ ዘንድ ይህ ሆርሞን ያስፈልገዋል። ስለዚህ መንግሥታችን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ደንብ ለምግብ በሚውል ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር አዘዘ። ፒ.ቢ.ዲ.ኢ. የሚባሉት እሳት የሚያዘገዩ ኬሚካሎች ግን ቅርጻቸው ይህንኑ ሆርሞን ስለሚመስል ሥራውን ያውካሉ፤ በእናት ደም ውስጥ የበዙ እንደ ሆነ የልጅን የማሰብ ችሎታ ዝቅ ከማለት ጋር ተያይዘው በጥናት ተገኝተዋል። እንግዲህ በአንድ እጃችን በጨው የሰጠነውን በሌላው እጃችን በጢስ ልንነሣ ይገባናልን?

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ፣ በሚሽገን ግዛት «ፋየርማስተር» የተባለ እሳት የሚያዘግይ ዱቄት «ኒውትሪማስተር» ከተባለው የመኖ ማሟያ ጋር በስሕተት ተለዋውጦ ለከብት ተሰጠ። ነገሩ የታወቀው ሕዝቡ ወተቱን ጠጥቶ፣ ሥጋውንም በልቶ ካደረ በኋላ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላም በተደረገ ጥናት፣ በማኅፀንና በጡት ወተት ብዙ የደረሳቸው ሴቶች ልጆች የወር አበባቸው ቀድሞ መምጣቱ ታየ። ከረጢት ያሳሳተው ሰው ስሕተት፣ በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለደውን ልጅ አገኘው።

«እሳት ዛሬ ይገድላል፤ ይህ ግን ምናልባት ነገ ይጎዳል፤ ከሁለት ክፉ ቀላሉን መምረጥ ነው» የሚል አይጠፋም። ቃሉ የሚናቅ አይደለም፤ የተቃጠለ ቤት ያየ ሰው ይህን አቃልሎ አይመልስም። ሆኖም ምርጫ የሚባለው ሸክሙን የሚሸከመው ሰው ዐውቆ ሲመርጥ ነው፤ የሚድኸው ሕፃን ግን ማንም አልጠየቀውም። ይልቁንም አስገዳጅ የመሰለው ምርጫ ሁልጊዜ አስገዳጅ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን የስፖንጅ መመዘኛ በ2013 በለወጠ ጊዜ፣ ያለ ኬሚካሉም መመዘኛውን ማሟላት ተቻለ። አገራችን አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነትም ከ2009 ጀምሮ ከነዚህ ኬሚካሎች አንዳንዶቹ እንዲወገዱ ወስኗል።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ በጎ ያደረገ ሰው ሳያውቅ ላደረሰው ጉዳት ባይወቀስም፣ ካወቀ በኋላ ዝም ያለበት ቀን ሁሉ ዕዳው ነው። ይህም ለፋብሪካው ባለቤት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለሚገዛው፣ ለሚያስወግደው፣ ለሚፈርመውም ጭምር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የማስወገጃ ወረቀት ሲቀርብልኝ «ዕቃው ወዴት ይሄዳል? ማንስ ይረከበዋል?» ብዬ ሳልጠይቅ ብዕር አላነሣም። ጎረቤቶቻችን እሪታ ሰምተው ይሮጡ ነበር፤ እሪ ለማይል ጉዳት ቀድሞ መሮጥ ደግሞ ፊደል የቆጠርን የእኛ ፈንታ ነው።