የውሃ ዕዳ የማን ነው?

«ውሃ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ አይሸጥም» የሚል ሙግት እንሰማለን። ሙግቱ ልብ ይነካል። ነገር ግን ስጦታው ዝናቡ እንጂ ቧንቧው አይደለም። ግድብ የሚሠራ፣ መስመር የሚዘረጋ፣ ብልሽት የሚጠግን ሁሉ ደመወዝ ይጠብቃል። እንግዲህ ጥያቄው «ውሃ ዋጋ አለው ወይ?» ሳይሆን «ዋጋውን ማን ይክፈል?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 ደብሊን ላይ የተሰበሰቡ የውሃ ባለሙያዎች ውሃ ኢኮኖሚያዊ ዋጋ እንዳለው መታወቅ አለበት አሉ። በዚያው አንቀጽ ግን ንጹህ ውሃን በአቅም ማግኘት የሰው ሁሉ መሠረታዊ መብት መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ያሻል ሲሉ አክለዋል። የመጀመሪያውን ቃል ብዙዎች ሰሙ፤ ሁለተኛውን ግን ጥቂቶች።

በ1999 የቦሊቪያ መንግሥት የኮቻባምባን ከተማ የውሃ አገልግሎት የውጭ ባለሀብቶች ላሉበት የኩባንያዎች ማኅበር አስረከበ። ማኅበሩ ትርፉ በውል ተረጋግጦለት ነበር። ታሪፉ ሲያሻቅብ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ሰው ሞተ፤ በ2000 ውሉ ፈረሰ። ድሉ የሕዝብ ነው። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። አገልግሎቱ ወደ ከተማው እጅ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላም በደቡብ ዳርቻ የሚኖሩ ድሆች ውሃ ከቦቴ መኪና በውድ ይገዙ ነበር። ኩባንያው ሄደ፤ ቧንቧው ግን አልመጣም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በየከተሞቻችን ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው በቆጣሪ ሲከፍል፣ የሌለው ከቦኖ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን ይገዛል። ሊትር በሊትር ቢሰላ ብዙውን ጊዜ አብልጦ የሚከፍለው ሁለተኛው ነው። የገጠሯ ሴትም «ነጻ» የሚባለውን ውሃ በወገቧና በጊዜዋ ትከፍላለች። ርካሽ ታሪፍ ቧንቧ ላለው ድጎማ ነው፤ ለሌለው ግን ወሬ ብቻ ነው።

ዛሬ አዳዲስ የገንዘብ ማግኛ መንገዶች ይቀርባሉ፤ ቦንድ መሸጥ፣ እርዳታን ከባለሀብት ገንዘብ ጋር ማጣመር፣ ለአበዳሪ ዋስ መሆን። በራሳቸው ክፉ አይደሉም። ሙሴ ውሃን ከዓለት አፈለቀ፤ ገንዘብን ከዓለት ያፈለቀ ግን የለም። የውሃ ወጪ በመጨረሻ የሚሸፈነው ከሦስት ኪስ ነው፤ ከተጠቃሚው፣ ከግብር ከፋዩና ከለጋሹ። ብድር ጊዜ ይሰጣል እንጂ ከፋይ አይፈጥርም። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ የውሃ ሂሳብ የሚሰበሰበው በብር፣ የውጭ ብድር የሚመለሰው በዶላር ነው፤ ብሩ በወደቀ ቁጥር ዕዳው ያብጣል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኸው ነው።

ለመሆኑ ሚዛኑ ምንድን ነው? ደቡብ አፍሪካ በ2001 ለአንድ ቤተሰብ በወር 6,000 ሊትር ውሃ በነጻ የሚሰጥበትን መመሪያ አወጣች። የሶዌቶ ድሆች «አይበቃንም» ብለው እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ቢደርሱም በ2009 ተረቱ። መጠኑ ያከራክር ይሆናል፤ መርሁ ግን ቀና ነው። ለጥም የሚሆን ውሃና ለመኪና ማጠቢያ የሚሆን ውሃ በአንድ ዋጋ ሊተመኑ አይገባም። የመጀመሪያው ጀሪካን ዕዳ የኅብረተሰቡ ነው፤ የአትክልት ማጠጫው ዕዳ የባለቤቱ። ይህን ያልለየ ውል፣ የቱንም ያህል በብልሃት ቢጻፍ፣ ዕዳውን የሚያወርሰው ቧንቧ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው።